ማሰሮው የተቀየረለት ተክል በደጋ ቤት እንዴት ያገግማል?

በደብረ ብርሃን ለቤት ውስጥ ተክል ወዳጆች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። ከጠበበው ማሰሮ ወጥቶ ሰፋ ወዳለ ማሰሮ የተዛወረ የቤት ውስጥ ተክል በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቅጠሉን ሲጥል፣ ሲጠወልግ፣ የታችኞቹ ቅጠሎቹ ሲገረጡ ምን እናድርግለት የሚለው ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚነገረው ምክር አብዛኛው ሌሊቱም ሞቅ በሚል ቤት ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። እኛ ግን የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣል፣ ቤታችንም ከከሰል ምድጃ በቀር የሚሞቅበት ነገር የለውም። ስለዚህ ያንኑ ምክር እንዳለ ወስደን ስንሠራበት ተክላችን አይድንም፤ እኛም «እጄ ለአበባ አይሆንም» ብለን እንተወዋለን። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው በእኛ አካባቢ የተዛወረን ተክል ከማገገም የሚያዘገየው ከውኃ እጦት ይልቅ የአፈሩ ቅዝቃዜ መሆኑን፣ የሚገድለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዝነንለት የምንጨምርበት ውኃ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ጉዳቱ የት እንደ ደረሰ እንይ። የተክል ሥር በዐይን የምናየው ወፍራሙ ክፍል ብቻ አይደለም። ከእያንዳንዱ የሥር ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ እጅግ ቀጫጭን የሥር ፀጉሮች ይበቅላሉ፤ እያንዳንዱ ፀጉር ከአንድ ሕዋስ የወጣ ነው፣ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ገብቶም ውኃንና በውኃ የሟሟ ምግብን ይስባል። ተክሉን ከማሰሮው ስናወጣና አሮጌውን አፈር ስናራግፍ ወፍራሙ ሥር ደኅና መስሎ ይታያል፣ እነዚህ ፀጉሮች ግን ከአፈሩ ጋር ተበጥሰው ይቀራሉ። ቅጠሉ በዚህ ጊዜ ምንም አልደረሰበትም፤ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ በኩል እንደ ወትሮው ውኃ ወደ አየር ያተናል። የሚወጣው ውኃ እንዳለ ሆኖ የሚገባው ስለ ቀነሰ ቅጠሉ ይጠወልጋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ተክሉ የሚጠወልገው አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ነው። ውኃው አለ፣ የጎደለው የሚስበው አካል ነው። በዚህ ሰዓት ሌላ ውኃ መጨመር ለጠፋው ሥር ምንም አይፈይድለትም።

ደግነቱ የሥር ፀጉር በተፈጥሮውም ዕድሜው አጭር ነው፤ ባልተነካ ተክል ላይ እንኳ አሮጌው እየሞተ አዲሱ ይተካል። ሥሩ ሙቀትና አየር ካገኘ በቀናት ውስጥ አዳዲስ ጫፎችን መግፋት ይጀምራል፣ ፀጉሩም አብሮ ይመጣል። የእኛ ሥራ ይህ እስኪሆን ድረስ ከላይ የሚወጣውን ውኃ መቀነስ፣ ከታች ያለውን አፈር ማሞቅና አየር እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

ስለ ሙቀቱ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም በከተማችን ከሁሉ በላይ የተዘነጋው ይኸው ነው። በየሳሎናችን የምናስቀምጣቸው ተክሎች አብዛኞቹ የቆላ ልጆች ናቸው። ሞንስቴራ ከደቡባዊ ሜክሲኮ አንሥቶ እስከ ፓናማ ባለው ሞቃት ደን ይበቅላል። መኒ ፕላንት እያልን የምንጠራው ሐረግ፣ ማለትም ፖቶስ፣ ትውልዱ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያለችው ሞሪያ የምትባል ደሴት ናት። ቅጠሉ ደቃቃ የሆነው ፊከስ ከእስያ ሞቃት አገሮችና ከሰሜን አውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ስኔክ ፕላንትም የምዕራብ አፍሪካ ተወላጅ ነው። እነዚህ ተክሎች የአፈሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ሥራቸው ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል። ከዚህም በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ራሱ ይወፍራል፤ በ5 ዲግሪ ያለ ውኃ በ25 ዲግሪ ካለው ይልቅ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው። የሥሩ ሕዋሶች ቆዳም በብርድ ጊዜ ውኃን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ማሰሮው በቀዘቀዘ ቁጥር የቆሰለው ሥር ሦስት ችግር በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል፦ አዲስ ፀጉር አያበቅልም፣ ያለውም በደንብ አይስብም፣ ሳይሳብ የቀረው ውኃ ደግሞ በማሰሮው ውስጥ ተኝቶ ያበሰብሰዋል።

ማሰሮውን ለማሞቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከሲሚንቶ ወለል አንሡት፤ ሲሚንቶ በሌሊት የሚይዘውን ብርድ በባዶ እግሩ የረገጠው ሁሉ ያውቀዋል። በጣውላ ቁራጭ ወይም በዱካ ላይ ይቀመጥ። የመስኮት ደፍ ቀን ጥሩ ቦታ ቢሆንም ማታ ከቤቱ ሁሉ የቀዘቀዘው ስፍራ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ክፍሉ መካከል ይግባ፣ ጠዋት ይመለስ። ከመንዝ የመጣ አሮጌ ባና ያላችሁ ሰዎች ቁራጩን በማሰሮው ዙሪያ ጠቅልሉት፤ የበግ ፀጉር ለሰው የሚሠራውን ለአፈርም ይሠራል። የሸክላ ማሰሮ ውበት አለው፣ አየርም ያስገባል፤ ነገር ግን በግድግዳው በኩል ውኃ ስለሚተን አፈሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በበጋው ብርድ ለሚያገግም ተክል እኔ ፕላስቲኩን እመርጣለሁ። ታችኛው የተበሳ የቀለም ባልዲ ወይም የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ቢሆንም አያሳፍርም። የምታጠጡትም ውኃ ከቧንቧ እንደ ወረደ አይሁን፤ በጆግ ቀድታችሁ በቤት ውስጥ አሳድሩት።

አንዳንድ ሰው ተክሉን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ያስጠጋዋል። ይህን አታድርጉ። በደንብ ሳይነድ የሚጨስ ከሰል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሙዝን የሚያበስለው፣ ቅጠልንም ያለ ጊዜው የሚያረግፈው ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዶ ማደር ለተክሉ ቀርቶ ለቤተ ሰቡም ሞት እንደሚያመጣ በዚህ አጋጣሚ ባስታውስ ከርእሴ የወጣሁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ውኃው ልመለስ። ተክሉን እንዳዛወራችሁ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጡት፤ ውኃው ከሥር እስኪወጣ ድረስ ይፍሰስ፣ ይህም አዲሱን አፈር ከሥሩ ጋር ያያይዘዋል። ከማሰሮው ሥር ባለው ሳሕን የተጠራቀመውን ውኃ ድፉት። ከዚያ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። ቀን ቆጥሮ ማጠጣት፣ ለምሳሌ «ሰኞና ሐሙስ» ማለት፣ በእኔ አስተያየት ከመጥፎ ልማዶች ሁሉ የከፋው ነው፤ የአፈሩ መድረቅ የሚከተለው የሳምንቱን ቀን ሳይሆን የአየሩን ሁኔታ ነውና። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ በአፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ከዚህም የሚሻለው ማሰሮውን ከፍ አድርጎ ክብደቱን መለማመድ ነው፤ ውኃ የጠጣ ማሰሮና የደረቀ ማሰሮ በእጅ ላይ ፈጽሞ ይለያያሉ። በታኅሣሥ ቅዝቃዜ አንድ መካከለኛ ማሰሮ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሳይደርቅ ቢቆይ አትደነቁ።

ብዙ ውኃ የሚገድለው ለምንድን ነው? ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት በውኃ ሲሞላ አየሩ ይወጣል፤ ኦክሲጅን ደግሞ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። የታፈነው ሥር ይዳከማል፤ ፒቲየም የተባለውና ረግረግ የሚመቸው ተባይ፣ ሻጋታ የሚመስል ፍጥረት፣ በቁስሉ ይገባል። እዚህ ላይ የሰሜን ሸዋ አፈር ራሱ ተባባሪ ይሆናል። በደጋው ሜዳችን የተንጣለለው ጥቁር ዋልካ አፈር በዝናብ ጊዜ ውኃ አቁሮ እንደሚይዝ፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ እንደሚሰነጠቅ ገበሬው ያውቃል፤ ለዚህም ነው ማሳውን በመደብና በቦይ እየለየ ውኃውን የሚያጠነፍፈው። ይህ አፈር በማሰሮ ውስጥ ሲገባ ቦይ የለውም። ላዩ ደርቆና ተሰንጥቆ «ጠማኝ» የሚል ይመስላል፣ አንድ ስንዝር ወረድ ብላችሁ ብትፈትሹት ግን ጭቃ ነው። በእኛ ከተማ ለተዛወሩ ተክሎች ሞት ዋልካን ብቻውን መጠቀም ትልቁን ድርሻ ይይዛል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ከጓሮ የተወሰደ አፈር ካለ አንድ እጅ፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት አንድ እጅ፣ ሻካራ አሸዋ ወይም ደቀቅ ተደርጎ የተነፋ ቀይ አሽ አንድ እጅ ይቀላቀል። ቀይ አሽ ለመንገድና ለግቢ የሚነጠፍ ብቻ አይደለም፤ ቀዳዳ ስላለው አየርም እርጥበትም በልክ ይይዛል፣ ዋጋውም አይከብድም። በአንዳንድ የደጋ ቀበሌዎች ገበሬው ጓሉን ከምሮ እያጋየ የሚዘራበት አፈር ለማሰሮ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ሸክላው ስለ ተጠበሰ ውኃ ማሳለፉ እውነት ነው፣ ነገር ግን ብስባሹና ናይትሮጅኑ አብረው ስለ ተቃጠሉ ኮምፖስት ሳይጨመርበት ለብቻው አይበቃም።

ከማሰሮው ሥር ጠጠር መደርደርን በተመለከተ ብዙዎቻችሁ እንደማትስማሙ አውቃለሁ፤ ከእናቶቻችን የወረስነው ነውና። ዓላማው ውኃውን ለማጠንፈፍ ነበር፣ የሚሠራው ግን ተቃራኒውን ነው። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ደቃቁ አፈር እስኪጠግብ ድረስ በራሱ ውስጥ ይዞ ያቆየዋል። ቤታችሁ ስትገቡ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ በውኃ አርሳችሁ በጠፍጣፋው በእጃችሁ ያዙት፤ መንጠባጠቡን ሲያቆም ወደ ጎን አዙራችሁ አቁሙት፣ እንደገና ይንጠባጠባል። ከፍ ያለ አፈር ውኃውን ይበልጥ ይለቃል፣ አጭር አፈር ይበልጥ ይይዛል ማለት ነው። ጠጠሩ የአፈሩን ቁመት ስለሚያሳጥረው ረግረጉን ወደ ሥሩ ያቀርበዋል። የሚያስፈልገው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ አፈሩ እንዳይወጣ አንድ የሸክላ ስባሪ ወይም የወንፊት ሽቦ ቁራጭ ከቀዳዳው ላይ ይበቃል። ማሰሮው ራሱም ከቀድሞው በሁለት፣ ቢበዛ በአምስት ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ይሁን። «ደግሞ ሌላ ጊዜ ከምቀይርለት» ተብሎ የሚመረጠው ሰፊ ባልዲ ሥር ያልደረሰበት ብዙ እርጥብ አፈር ስለሚይዝ ለወራት ቀዝቅዞ ይኖራል።

ብርሃንን በተመለከተ በከፍታችን ላይ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ በብርድም ቀን ቢሆን የቆሰለ ተክል ቅጠል ታቃጥላለች። ተክሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብሩህ ሆኖ ቀጥታ ጨረር በማያገኝ ስፍራ ይቆይ። የትኛው መስኮት እንደሆነ የሚወስነው ወሩ ነው፤ በእኛ ኬክሮስ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ከአናታችን በስተ ሰሜን፣ በቀረው ጊዜ በስተ ደቡብ ታልፋለች። በበጋ በሰሜን መስኮት ላይ ያለው ተክል ጥላ ነው፣ ያው ተክል በግንቦት ፀሐይ ይደርሰዋል። ፈጽሞ ወደ ጨለማ ጥግ ማግባት ግን ስሕተት ነው፤ አዲሱ ሥር የሚሠራው ቅጠሉ በብርሃን ካዘጋጀው ስኳር ነውና።

በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቅጠሉ ቀጭን ለሆነ ተክል ነጭ ፌስታል ማልበስ ትልቅ ረዳት ነው። በማሰሮው ዳር ሦስት ወይም አራት ስንጥር ተክላችሁ ፌስታሉ ቅጠሉን እንዳይነካ አድርጉ፣ በቀን አንድ ጊዜ ገልጣችሁ አናፍሱት፣ ፀሐይ ላይ ግን ከቶ አታስቀምጡት። ቅጠሉ ፌስታሉ ሲነሣም ሳይጠወልግ መዋል ከጀመረ ቀስ በቀስ አስለምዱት። ለእሬትና ለመሰሎቹ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ እነርሱ በቅጠላቸው ውኃ ስላላቸው ከተዛወሩ በኋላ ሳምንት ያህል ያለ ውኃ ቢቆዩ ቁስላቸው ይደርቃል። እሬት ካነሣሁ ዘንድ፣ በአንኮበር ገደሎች ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድግና በዓለም ላይ ከዚያው አካባቢ ውጭ የማይገኝ፣ በሳይንሳዊ ስሙም አንኮበርን የሚጠራ እሬት አለ። እባካችሁ እርሱን ነቅላችሁ ወደ ማሰሮ አታምጡት፤ ስፍራው ገደሉ ነው።

ማዳበሪያን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ አይጨመር። በየቤቱ ከእርሻ የተረፈ ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ ስለማይጠፋ «ትንሽ ብትን ባደርግለት» የሚል ፈተና አለ። ማዳበሪያ ጨው ነው፤ በአፈሩ ውኃ ውስጥ ሲበዛ ውኃው ወደ ሥሩ እንዳይገባ ይይዘዋል፣ ከበረታም ከሥሩ ውስጥ ያለውን ይስባል። ያልበሰበሰ ፍግም እንዲሁ ያቃጥላል። የቡና አተላ በአፈሩ ላይ መድፋት ደግሞ ሻጋታና ትንንሽ ዝንብ ከመጥራት በቀር ለታመመ ተክል የሚሰጠው ነገር የለም። አዲስ ቅጠል ወጥቶ እስኪዘረጋ፣ ቢያንስ አንድ ወር ተኩል፣ መታገሥ ነው፤ ያን ጊዜም በግማሽ መጠን ይጀመር።

ቅጠል መቁረጥ ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። «ሥሩ ስለ ተጎዳ ላዩም ይቀነስ» የሚለው አባባል አሳማኝ ይመስላል፣ ነገር ግን ሥር እንዲወጣ የሚያነሣሣው ኦክሲን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚመነጨው ከለጋው ቡቃያ ነው፤ ጫፉን የቆረጠ ሰው ለሥሩ የሚላከውን መልእክት አቋረጠ ማለት ነው። እኔ የሞተውንና ፈጽሞ የገረጣውን ብቻ አነሣለሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ጊዜውን መምረጥ ይቀድማል። በደብረ ብርሃን፣ በመንዝና በጣርማ በር አካባቢ ተክል ለማዛወር የሚመቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሌሊቱ ይለዝባል፣ ተክሉም በራሱ ማደግ ይጀምራል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር፣ ማሰሮው ካልተሰበረ ወይም ሥሩ ካልበሰበሰ በቀር፣ አትንኩት። ሐምሌና ነሐሴም በደመናውና በእርጥበቱ ምክንያት አፈሩ አይደርቅም። ሸዋ ሮቢት ላሉ ዘመዶቻችን ይህ አይሠራም፤ እነርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፣ የሚያስቸግራቸው ሙቀቱና ድርቀቱ ነው፣ ክረምቱም ለእነርሱ ይሻላቸዋል። ከዚያ ተገዝቶ የጣርማ በርን ዳገት በመኪና ጀርባ የወጣ ተክል በአንድ ቀን የአየር ለውጥና የነፋስ ጉዳት ስለሚደርስበት በጋዜጣ ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ይምጣ፤ እንደ ደረሰም ማሰሮው አይቀየር፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቤቱን ይልመድ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ተክሉ እየባሰበት ቢሄድስ? አንድ ወይም ሁለት የታች ቅጠል ቢገረጣ ምንም አይደለም፤ ተክሉ ራሱ ከአሮጌው ቅጠል ምግቡን እየመለሰ ነው። ግንዱ ከአፈሩ አጠገብ ሲለሰልስ፣ ወይም አፈሩ መጥፎ ሽታ ሲያወጣ ግን መጠበቅ ያበቃል። አውጥታችሁ ሥሩን እጠቡ። ጠንካራና ነጣ ያለው ደኅና ነው፤ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲጫኑት የሚሟሟው፣ ልጣጩ እንደ ክር የሚቀረው በስብሷል፣ እስከ ደኅናው ድረስ ይቆረጥ። መቀሱ በእሳት ወይም ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል ይጽዳ፤ የቤት አረቄ ምንም ቢያቃጥል ለዚህ ሥራ የሚበቃ ጉልበት የለውም። ከዚያም ለቀረው ሥር የሚበቃ ትንሽ ማሰሮ፣ አዲስና ውኃ የሚያሳልፍ አፈር፣ ሞቅ ያለ ስፍራ። አሮጌው አፈር ለሌላ ማሰሮ አይዋል።

ፊከስ ሁሉንም ቅጠሉን አራግፎ እንጨት ብቻ ቢሆን ከመጣላችሁ በፊት ቅርንጫፉን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው፣ በደጋ ቤት ሁለት ወር ጠብቆ ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች እየወረዳችሁ እስከ ግንዱ ፈትሹ። ቅጠል የሌለው ተክል ውኃ የሚያተንበት ነገር ስለሌለው በእነዚህ ወራት የሚያስፈልገው ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ውኃ ነው። ፖቶስና ሞንስቴራ ያላችሁ ደግሞ ተክሉ ሳይደክም ቢያንስ አንድ አንጓ ያለበት ቁራጭ ወስዳችሁ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቁሙ፤ አንጓው ውኃ ውስጥ ይሁን፣ ቅጠሉ ከውኃው በላይ ይሁን፣ ውኃው በየሳምንቱ ይለወጥ። ሥሩ ጣት ያህል ሲረዝም ወደ አፈር ይገባል፤ ወሩ ታኅሣሥ ከሆነ ግን ብርጭቆው ውስጥ እስከ የካቲት ማቆየቱ ይሻላል።

አሁን የታመመ ተክል ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት አቅርቡልኝ፤ ጋዜጣ በጠረጴዛው ላይ አንጥፈናል።